ምርቃት

ጠባሴ ላይ ነበር፣ በአስፋልቱ ዳርና ዳር፣
ሁለት የኮምፒውተር ሱቅ ተፋጦ የሚያድር።
የኛው ያጎናፍር ነው፣ የማዶው የዘርጋው፣
አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው የሚሰማው።
እኔ ያጎናፍር ሒሳብ ያዥ ነበርኩ፤
በዚያ በብርድ አገር በቁጥር ስሞቅ ኖርኩ።
ጣቴ ደንዝዞብኝ ካልኩሌተር ስነካ
ሁለት ያልኩት ሁሉ ሃያ ሁለት ለካ!

አምስት ሺህ የሸጥነው ስንት ይተርፋል መሰለህ፣
የጫኝ፣ የመኪና፣ ያዲሳባ ደላላ ከፍለህ?
ስልሳ ብር። በቃ።
ትርፉ ዲስኩ ላይ ነው። ባዶውን አምጥተን
ሃምሳ እናስከፍላለን፣ የሰው ላብ ገልብጠን።
ጌም፣ መዝገበ ቃላት፣ የፊደል መጻፊያ፣
ሠሪው ማን እንደሆን የለውም መለያ።

በዘጠና ዘጠኝ፣ ጥቅምት ላይ ይመስላል፣
ውርጩ የባቄላ ቅጠል ይለበልባል፣
ውድነሽ መጣች፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ያለች።
"የእድር መዝገብ ነው" ብላ ዲስክ አስቀመጠች።
በወንድሟ ማሽን፣ ሌሊት ሌሊት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ
የጻፈችው፦ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ድንኳን፣ የጎደለ ብርጭቆ፣ ሁሉ።
"መቶ ሃያ ነው ዋጋው፤ ሰማንያው ለኔ፣
አርባው ለናንተ" አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል ከዓይኔ።
አጎናፍር ሳቀ፦ "ስምሽም ውድ ነው!"
ውሉን እኔ ጻፍኩት፤ ምስክሩም እኔው።

ባንድ ወር ዐሥራ አንድ እድር መጥቶ ገዛ፣
የሹፌሮች፣ የመምህራን፣ እንደዛ እንደዛ።
ከዚያ አንድ ማለዳ ማዶ ማስታወቂያ ወጣ፦
"የእድር ፕሮግራም፣ ሰማንያ ብር!" ዘርጋው ከየት አመጣ?

አጎናፍር ስልሳ አለ። ዘርጋው አርባ አምስት።
እኛ ሠላሳ።
እነሱ ሃያ።
(ውድነሽን በውሉ የሚደርሳት ሰማንያ።)
እኛ ዐሥር። ማዶ አምስት።
በመጨረሻ አጎናፍር ካርቶን ላይ በቀይ ጽፎ ሰቀለ፦
"ኮምፒውተር ለገዛ የእድሩ ምርቃት!" አለ።

ምርቃት ታውቃለህ፤ ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ
ቲማቲም ሻጯ የምትጥላት፣ የፈረጠች፣ አንድ ሌላ።
ደግሞም ምርቃት አለ፦ ሽማግሌ ቆሞ
እጁን ሲዘረጋ ሰው አሜን የሚለው ደጋግሞ።

ማሽን ሸጥን እንግዲህ! ስልሳው ትርፍ ሦስት መቶ ሆነ፣
ከመሃል ሜዳ ድረስ መጥቶ ሰው ባይሱዙ ጫነ።
ምርቃት ባለው ዕቃ ማን ይከራከራል?

ውድነሽ መጣች። ሰኔ ነው፤ ጃንጥላዋ ይንጠባጠባል።
"ድርሻዬስ?"
አጎናፍር ደብተሩን ከፈተላት፦
"የተሸጠ የለም፣ እህቴ፤ የወጣው ሁሉ ምርቃት።"
ደብተሩን አየችው። ጽሕፈቱ የኔ ነው። እኔን አየች።
"እንግዲህ ይባረክ" ብላ ወጣች።
ብትሰድበን ይሻል ነበር።

ዓመት ዞረ። ሁለት ሺህ ገባ፤ ሌሊቱን ሲተኮስ ርችቱ።
በነጋታው ጸሐፊዎቹ የእድሩን መዝገብ ከፈቱ።
ከዘጠና ዘጠኝ ቀጥሎ ዜሮ ዜሮ ነው፤
ዓመቱን በሁለት አሃዝ ነበር የጻፈችው።
አባል ሁሉ የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ቅድሚያ ከፍሏል ይላል!
አቶ ተክለየስ፣ የሰማንያ ዓመቱ፣ ወረቀቱን ይዘው፣ ይስቃሉ፦
"ከሞትኩ በኋላም ተከፍሎልኛል!" ይላሉ።
ሳጥኑ ግን ባዶ። ለቀብር ድንኳን መትከያ የለም።
ጸሐፊዎቹ ሱቃችን ደጃፍ ሆነው ጩኸት፣ ዛቻ፣ እርግማን፣ ሁሉም።

ያን ቀን አጎናፍርና ዘርጋው መጀመሪያ ጊዜ አብረው ሄዱ፣
ከፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ ውድነሽ ቤት፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ እየከበዱ።
እኔ ደብተር ይዤ ከኋላ።
"ፕሮግራሙ ምርቃት ነው" አለች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ቆማ፣
"እርማቱ በየእድሩ መቶ ሃያ ነው፤ በቅድሚያ፤ እዚሁ፣ ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ፣ ሳይጨልማ።"
አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ እስከዛሬ አልጠየቅኋትም።

ከፈሉ። ሲወጡ እኔን "ቆይ" አለችኝ።
ሠላሳ ብር ቆጥራ በእጄ አስያዘችኝ።
ሠላሳ! ያን ዲስክ ማዶ ያሻገርኩበት፣
የኪራይ ቀን ደርሶ፣ በጨለማ፣ ለዘርጋው የሸጥኩበት።
"ምርቃት" አለች።

የትኛው ምርቃት እንደሆነ አልነገረችኝም።
ደብተሬን ገለጥኩ፤ የምጽፍበት ዓምድ የለም።